ለላሽ የተላጨ ራስ

ጸጉር እንደ ጤና ነው፤ ካልሄደ አይታወቅም። ሙሉ ጸጉር ያለው ሰው ስለ ጸጉር ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚዶውን ሰክቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል እንጂ። ጸጉሩ መሳሳት የጀመረ ሰው ግን ሌላ ፍጡር ነው። መስታወት ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ነፋስ በበዛበት ቀን መንገድ መርጦ ይሄዳል፤ ፎቶ ሲነሳ ከኋላ ረድፍ መቆም ይወዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደረሰበት ሁሉ ስለ ቅጠልና ስለ ሥር ይጠይቃል። ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ግንባሬ ወደ ማጅራቴ መጓዝ የጀመረው ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው።

መካሪ ግን አይጠፋም። ሆዱን ለታመመ ሰው አንድ ሁለት ሰው መድኃኒት ይነግረዋል፤ ጸጉሩ ለሸሸ ሰው መንደሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ እሬት ተቀባ ይልሃል። ሌላው፣ እሬትማ ያደርቃል፣ የጉሎ ዘይት ነው እንጂ ይልሃል። ሦስተኛዋ አብሽ ዘፍዝፈህ አሳድርና በውሃው ታጠብ ትላለች። አራተኛው ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ ራስህን እሸውና ተኛ ይላል፤ አጠገብህ ማን እንደሚተኛ ግን አይጠይቅም። የሚገርመው፣ ከመካሪዎቼ ግማሾቹ ራሳቸው መላጦች ነበሩ።

ቢሆንም ነገሩ እንዲያው ተስቆበት የሚታለፍ አይደለም። በትልልቁ ከተማ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎችም ይህንኑ ቅጠል ይጨምቃሉ፣ ያጠልላሉ፣ ጭማቂው ጸጉር ያበቅል እንደሆነ ይፈትሻሉ ይባላል። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበርኩ ጥያቄው ከራሴ መመለጥ በላይ ያብሰለስለኝ ነበር። ተቀብቶ የበቀለለት ሰው ሲገኝ፣ የበቀለው በቅጠሉ ነው ወይስ ድሮም ሊበቅል ስለነበረ? ይህን ለመለየት ቢያንስ ሁለት ራስ ያስፈልጋል፤ በአንድ ሰሞን የተላጩ፣ አንዱ የተቀባ፣ ሌላው ያልተቀባ። እስቲ ማን ራሱን ያውሳችኋል?

መንዝ ሞላሌ ውስጥ ግን ሳልጠይቅ አገኘሁ።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ስብሰባና ግምገማ በዝቷል፤ ሞባይል የሚባል ነገር ግን ገና አልመጣም። አገሩ ብርድ ነው፤ ብርዱም ለእኔ ቢጤ ደግ ነው፤ ባለ ጸጉሩም ጸጉር የለሹም እኩል ቆብ ደፍቶ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና ደርቦ ይውላል። የማን ራስ እንደተመለጠ የሚታወቀው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲገባና ቆብ ሲወልቅ ብቻ ነው። የመንዝ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፤ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

የተከራየሁት ከአስካለ ግቢ ነው። አስካለ ጠላ ትሸጣለች። ከመጀመሪያ ባሏ ከተለያየች በኋላ በገዛ እጇ ቤት ያቆመች፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሴት ናት። በዚያ ሰሞን ዘመሮ የሚኖር ሽፈራው የሚባል የባና ነጋዴ ፈልጓታል፤ እሷም ፈልጋዋለች። ሽፈራውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎፈሬውን ነው። ያንን የሚያህል ጎፈሬ አሳድጎ፣ አበጥሮ፣ ሚዶውን ከላይ ሰክቶበት ገበያ ሲገባ ቆብ የማያደርግ ብቸኛው የመንዝ ነጋዴ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቆብ ቢያደርግስ በየት በኩል ይገባለታል?

ችግሩ የአስካለ እናት ናቸው። እማማ የሺ ቀየት በሚባለው አገራቸው ሆነው አይሆንም አሉ። ሽፈራው ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹን በር ላይ መለሷቸው። ራሱ ሄደ፤ እሱንም በር ላይ መለሱት። «ጸጉሩን ሲያበጥር የሚውል ወንድ ትዳር መቼ ያያል?» ብለው በሩን ዘጉ። ፈት ሴት የወደደችውን ታገባ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ታገባለች። አስካለ ግን የመጀመሪያውን ባል ያገባችው እናቷን አስቀይማ ነበርና፣ ሁለተኛውን ያለ እናቴ ምርቃት አላገባም ብላ ምላለች። ሽማግሌዎቹ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክሩ ተስማሙ። እንግዲህ የአስካለ ሕይወት በዚያች አንዲት ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ታዲያ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ሻሿን ፈትታ መጣችና «መምህር፣ እንዲያው ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጎንበስ አለችልኝ። ከሹሩባዋ መካከል ጸጉሩ ሙልጭ ብሎ የሄደበት፣ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ቦታ አየሁ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ። ከጆሮዋ ኋላ ሦስተኛ።

«ላሽ ነው» አልኳት። «አይገድልም፣ አይጋባም፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ይመለሳል። ቢሆንም ጤና ጣቢያ ብትታዪ ጥሩ ነው።»

«በራሱ ይመለሳል የሚሉት ከፋሲካ በፊት ነው?»

የባዮሎጂ መጽሐፌ ላይ ፋሲካ አልተጠቀሰም።

«ላሽ አለባት ከተባለ በሽተኛ ናት ይባላል» አለች። «እሱስ ምን ይለኛል? እናቴ እሱን አልፈልግም እያለች፣ እሱ ደግሞ እኔን አልፈልግም ቢል የት እገባለሁ?» ይህን ስትል ያ አጥር ዘላይ ሳቋ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በላችው።

በነጋታው መሪጌታ ክንፈ ዘንድ ሄደች። መሪጌታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የሥርና የቅጠል ነገርም ያውቃሉ እየተባለ ሰው ከሩቅ ይመጣባቸዋል። እሳቸው ሦስት ነገር አዘዟት። መድኃኒቱና ቆዳው እንዲገናኙ ራሷን ሙልጭ አድርጋ ትላጭ። ጧት ጧት ፀሐይ ሳይወጣ ትቀባ። ለማንም አትናገር፤ የተወራ መድኃኒት ይረክሳል። ሦስተኛው ትእዛዝ እኔን አልጨመረም፤ ምክንያቱም ምላጩን ያዋስኳት እኔ ነኝ።

የተወቀጠውን ነገር ባየሁት ጊዜ የማወቅ ጉጉቴ ሊገድለኝ ደረሰ። ነጭ ሽንኩርቱን አፍንጫዬ ከደጅ ለየው። እሬቱን ቀምሼ አወቅሁት፤ ቀኑን ሙሉም አልረሳሁትም። ሦስተኛው፣ ያ ጥቁር አረንጓዴው፣ ምን እንደሆነ ግን አልደረስኩበትም። መሪጌታ ዘንድ ሄጄ በትሕትና ጠየቅሁ። ከት ብለው ሳቁና «አንተ የምታውቀውን ክፍል ሙሉ ለሆነ ተማሪ ትናገራለህ፤ እኔ የማውቀውን ለአንድ ልጄ እናገራለሁ። እስካሁን የሁለታችንም አልጠፋም» አሉኝ። እጅ ነስቼ ተመለስኩ።

አስካለ ተላጨች። ተቀባች። ጭማቂው ነጭ ሻሽ እያበላሸ ስላስቸገራት አሮጌ ጥቁር ሻሽ አሰረች። አንድ ማለዳም ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ውሃ ወረደች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጎንበስ ስትል ሻሹ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የነጭ ሽንኩርቱ ውሃ ደግሞ ከግንባሯ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ለመቅዳት ተራ የምትጠብቅ አንዲት ጎረቤት ያየችው ይህን ነው፤ የተላጨ ራስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ የቀላና እንባ የሚያፈስ ዓይን።

እኛ አገር እንዲህ ያለች ሴት ምን እንደሆነች አትጠየቅም። ራሷን የተላጨች ሴት የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም አፏን ሳትከፍት ተናግራዋለች። ማን ሞተብሽ ብሎ ማፋጠጥ ደግሞ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባል የለ? ሞላሌ ላይ ግን ማንም ምንም ሳይጠይቅ የአስካለ እናት ሞቱ። ጎረቤቷ ለጎረቤቷ፣ «አስካለ ተላጭታለች» አለች። ያቺኛዋ፣ «እናቷ ናቸዋ፤ ክረምቱን ሙሉ ሳል ጠንቶባቸው ነበር» አለች። ቀትር ላይ የቀብሩ ሁኔታ ይወራ ጀመር። ሲመሽ የእድሩ ዳኛ አቶ በየነ፣ ይህች ምስኪን መርዶዋን ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን ልታለቅስ ነው ወይ ብለው፣ ለነገ ማለዳ ጥሩንባ እንዲነፋ አዘዙ።

የመርዶን ወግ ታውቁታላችሁ። ሰው የሞተበት ሰው በድንገት አይነገረውም፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ይቆማል። የቆመውን ያየ ሰው ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አስካለም በማለዳው ልትቀባ ተነሥታ በሩን ስትከፍት ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አቶ በየነ ከፊት ሆነው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ቆሟል። ያ የያዘችው መድኃኒት ከነዕቃው ከእጇ ወደቀ።

«ወይኔ እናቴን!» ብላ ጮኸች።

ሕዝቡም ይህን ሰምቶ፣ በእርግጥም እናቷ መሆናቸውን አረጋገጠ። እሷ ሊያረዷት የመጡ መሰላት፤ እነሱ ደግሞ አብረዋት ሊያለቅሱ መምጣታቸው ነው። እሷ ከእነሱ ሰማች፣ እነሱም ከእሷ። ማን ማንን እንዳረዳ እስከ ዛሬ አልተለየም። እኔም ከጓዳዬ ወጥቼ፣ ምነው ያን ምላጭ ባላዋስኳት፣ መላጨቷ ሟርት ሆነባት እያልኩ ከልቤ አለቀስኩ።

ድንኳን ተተከለ። ጾም ነውና ሽሮና ንፍሮ መጣ። ወደ ቀየት የሚሄድ መኪና እስኪገኝ ልቅሶው እዚያው ተቀመጠ። በማግስቱ ሽፈራው ከዘመሮ ደረሰ። ገበያ ላይ ከባና ነጋዴዎች ሰምቶ ነው። ሲገባ ማንም አላወቀውም፤ እኔም አላወቅሁትም። ያ ጎፈሬ የለም። ራሱ እንደ እንቁላል ተልጦ፣ በችኮላ የተላጨ ስለሆነ እዚህም እዚያም ምላጭ ቆርጦት፣ ደሙ ደርቆበታል። የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ አማች እንዳይባል በር ላይ ተመልሷል። መቀመጫው የት እንደሆነ ስላላወቀ ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል ተቀመጠ። «ይሄ ደግሞ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው የተላጨ?» ብሎ ያንሾካሾከ ሰው ነበር። አስካለ አየችው። ሐዘኗ እንዳለ ሆኖ፣ ሻሿን ይበልጥ ወደ ግንባሯ ስትስብ አይቻለሁ።

ወሬ ቀየት ሲደርስ ደግሞ መልኩን ለውጦ ደረሰ። ለእማማ የሺ የተነገራቸው፣ «አስካለ ግቢ ድንኳን ተተክሏል» የሚል ብቻ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት ግቢ ድንኳን ከተተከለ ማን ሞተ ማለት ነው? እሳቸውም አልጠየቁም። ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው፣ መንገዱን ሁሉ ልጄን ልጄን እያሉ መጡ።

ድንኳኑ ውስጥ አስካለ፣ «እናቴን፣ እናቴን» ትላለች። ከአጥሩ ውጭ፣ «አስካለ ልጄን፣ ያላንቺ ምን አለኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰው ዞር አለ። መንገድ ተከፈተ። አንዳንዱ አማተበ፤ አንዲት ሴትዮ ከአግዳሚው ኋላ ተደበቀች። እናትና ልጅ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተገናኙ።

«አለሽ?» አሉ እናት።

«እማዬ፣ አለሽ?» አለች ልጅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አልችልበትም። አንዷ የሌላዋን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ እያገላበጠች ስታይ ነበር። ልቅሶው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ፤ ለመሞታቸው ያላለቀሰ ሁሉ ለመኖራቸው አለቀሰ። ሲበርድ እማማ የሺ እንባቸውን ጠርገው ድንኳኑን ዞረው አዩና «ታዲያ ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

የእድሩ ዳኛ መናገር ነበረባቸው።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አሉ አቶ በየነ፤ ምን ይበሉ።

«ማን ነገራችሁ?»

አቶ በየነ ወደ ጎረቤቲቱ አዩ፤ ጎረቤቲቱ ወደ አስካለ ራስ አየች። እማማ የሺም አዩ። «እኔ ካልሞትኩ፣ ለማን ነው የተላጨሽው?» አሉ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የአስካለ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነበር፤ መድኃኒቱን ያገኘችው ሸሽጊ ተብላ ነው። መዋሸት ትችል ነበር። የሩቅ አጎት ወይም አክስት መግደል ትችል ነበር፤ የሚያምናት አታጣም። ግን ከዚያ ሁሉ እንባ በኋላ መዋሸት ከበዳት መሰለኝ፣ ሻሿን ፈታችው። ገና ብቅ ብቅ ካለው ጸጉሯ መካከል ሙልጭ ያሉት ቦታዎች አረንጓዴ እንደተቀቡ ታዩ።

«ላሽ ነው፣ እማዬ። ለላሽ ብዬ ነው» አለች። ይህን ስትል የምታየው እናቷን አልነበረም፤ የድንኳኑን ጫፍ ነበር።

ሊስቅ ያሰበ ሰው ነበር፤ ግን አልሳቀም። እማማ የሺ የልጃቸውን ዓይን ተከትለው ወደ ጫፉ ዞሩና፣ ያን የቆሳሰለ ራስ አዩት።

«ይሄስ የማን ልጅ ነው?»

«ሽፈራው ነው» አላቸው አንዱ።

«ያ ጎፈሬው?» ብለው ቀረቡት። ሽፈራው ብድግ አለ። «አንተስ ለማን ነው የተላጨኸው? አንተም ላሽ ወጣብህ?»

«ለእርስዎ ነው፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔኮ በር ላይ መልሼሃለሁ።»

«አዎ፣ መልሰውኛል።»

እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ያን ምላጭ የቆረጠውን ራስ ቀስ ብለው ዳሰሱት። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ፣ እንደገና ከማጅራቱ እስከ ግንባሩ። እኔ አስተማሪው፣ ሁለት ራስ የምመኘው ሰውዬ፣ ሁለት የተላጩ ራሶች ፊት ለፊቴ ቆመው ሳለ ምንም ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

«ሰው ሞቶ ማን እንደተላጨለት አያይም» አሉ እማማ የሺ። «እኔ ግን አየሁ።» ከዚያ ወደ አቶ በየነ ዞር ብለው፣ «ጾሙ ባይሆን ኖሮ ድንኳኑን አታፍርሱት እላችሁ ነበር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ቀየት የሄዱት ሊለምኑ ሳይሆን ሊመረቁ ነው።

አሁን ስለ ቅጠሉ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም አልረሳሁትም። ሠርጉ ላይ ሁለቱንም ራሶች ያለ እፍረት ተጠግቼ አየኋቸው። የአስካለ ላሽ ላይ መጀመሪያ ነጭ፣ እንደ ሕፃን ጸጉር የለሰለሰ ነገር ወጥቶ፣ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ነው። ያውም መድኃኒቱ ያን ማለዳ ከወደቀ በኋላ አልተቀባችም። ያልተቀባው የሽፈራው ራስም በቅሏል፤ ከአናቱ ላይ ትንሽ ሳሳ ቢልም። ይህንን ይዤ መሪጌታ ክንፈ ዘንድ ሄድኩ፤ ምናልባት ባትቀባም ይበቅልላት እንደነበር በዘወርዋራ አነሳሁላቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉኝ፤ ጨርሶ አልተቆጡም። «ግን ሳትቀባ መጠበቅ ትችል ነበር? ላሽ ይሄዳል፤ ሰው ግን ላሹ እስኪሄድ ድረስ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።» ይህ መልስ ቅጠሉ መሥራቱን አይናገርም፤ አለመሥራቱንም አይናገርም። እስካሁን ሳስበው ግን እንደ እሱ ያለ መልስ አላገኘሁም። ለእኔም አንድ ቀን ያንኑ ውቅጥ ሰጡኝ። ራሴ ለሰሞኑ ተቃጥሎ ቀላ፤ ጸጉር ግን አልመጣም። ላሽ እንግዳ ነው፣ አረፍ ብሎ ይሄዳል። በራ ባለቤት ነው፤ ቅጠል አያስወጣውም። ሽፈራውም ይህን ያወቀው በየዓመቱ እየተቀባ፣ ጎፈሬው በየዓመቱ እየሸሸው ነው።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ እማማ የሺ የምር ሞቱ። እኔ ከሞላሌ ተዛውሬ ነበር፤ ሰምቼ ለልቅሶ ቀየት ሄድኩ። ሽፈራው በዚያን ጊዜ ከእኔ የባሰ ሆኖ ነበር፤ አናቱ ላይ አንድ ፍሬ ጸጉር አልቀረም። ድንኳኑ ውስጥ ግን የተቀመጠው ከፊት፣ ከልጆቻቸው ጋር ነው። የቅርብ ዘመዶች ተራ በተራ ይላጩ ነበርና፣ ላጪው ሽማግሌ ምላጩን ይዞ እሱ ዘንድ ሲደርስ ግራ ገብቶት ቆመ። የሚላጭ ነገር የለም። አማች ሆኖ ሳይላጭ ሊቀር ነው ወይ እያለ ሰው ይተያይ ጀመር፤ ሽፈራውም አፍሮ አንገቱን ደፋ።

«እሱን እለፉት፣ አባቴ» አለች አስካለ፤ እንባዋ እየወረደ። «የእሱን እናቴ ራሷ አይታለታለች።»